መረጃው እያለ ፍለጋው ባዶ ገጽ የሚመልሰው ለምንድን ነው?

ባለ ቢን ካርድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ የቧንቧና የግንባታ ዕቃዎችን በጅምላ በሚያከፋፍል መጋዘን በሒሳብና ንብረት ክፍል እሠራለሁ። የምንጠቀምበትን የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ሠርቶልን ነበር፤ ባለሙያው አሁን አገር ውስጥ ስለሌለ የምንጠይቀው ሰው የለንም። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 ሲሆን የተጫነውም በመጋዘኑ ቢሮ በሚገኝ አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ቀላል ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚጻፍ ጥያቄ) ግን ማንበብም መጻፍም እችላለሁ።

ችግሩ የተገለጠው ኦዲተር ከነሐሴ 15 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ያለውን የውሃ ቱቦ ሽያጭ ለይተን እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ ነው። ወርሃዊ ሪፖርት ስናወጣ የምንመርጠው ወርና ዓመት ብቻ ስለሆነ እስካሁን እንከን አልገጠመንም። በሁለት ቀኖች መካከል የሚፈልገውን ገጽ ግን ከዚህ በፊት የነካው ሰው አልነበረም። ሁለቱን ቀኖች አስገብቼ «ፈልግ» የሚለውን ስጫን፣ ስህተት አለ ሳይል፣ ቀይ ጽሑፍም ሳያሳይ፣ «0 መዝገብ» ብሎ ባዶ ገጽ ይሰጠኛል። የዚያን ጊዜ ደረሰኞች ግን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ አንዱን በደረሰኝ ቁጥሩ ስፈልገው ወዲያው ይመጣል።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ፣ ቀኖቹን በትንሹ ቀይሬ ከነሐሴ 10 እስከ ጥቅምት 15 ስለው ከ2,000 በላይ ረድፍ ማምጣቱ ነው፤ በውስጡ የ2013 ሽያጭ ሳይቀር አለ። ቀኑን ትቼ በዕቃው ስም ብቻ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣው ከምጠብቀው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። በመጨረሻም ኩዌሪ በቀጥታ የሚጻፍበትን ማኔጅመንት ስቱዲዮን ከፍቼ፣ «የውሃ ቱቦ» የሚለውን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ ኩዌሪውን በእጄ ብጽፈው ጭራሽ አንድም ረድፍ አልመጣም። መረጃው ጠፍቶ ይሆን? ኦዲተሩ የሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ ፈጥናችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሰበታው

ሌላውን ከመነካካትዎ በፊት፣ የሚያዩት ዳታቤዝ እውነተኛው መሆኑን ያረጋግጡ። ሰበታ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በምሠራበት ጊዜ፣ ፕሮግራሙ ዋናውን ሰርቨር ሲያጣ ለሙከራ ከተተወ ሌላ ዳታቤዝ ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ዘግይቶ ተነሣ፤ እኛም የምንፈልገውን ሁሉ እያጣን፣ የዕለቱንም ሽያጭ ሙከራው ላይ እየመዘገብን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየን። ስለዚህ በሽያጭ ሠንጠረዡ ላይ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የረድፎቹን ብዛት የሚቆጥር ኩዌሪ ያሂዱ፤ የመጨረሻው ደረሰኝ የዛሬው መሆኑንም ይመልከቱ።

ባለ ቢን ካርድ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ቆጠርኩት፤ 61,482 ረድፍ አለው። የመጨረሻው ደረሰኝም ከግማሽ ሰዓት በፊት ለአንድ ባለ ሲኖትራክ የተቆረጠው ነው። ዳታቤዙ እውነተኛው ነው።

ቡራዩ 12

በእኔ ግምት ዳታቤዙ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ያለፈውን ወር ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሪስቶር ቢያደርጉት፣ ማለትም መልሰው ቢጭኑት ይሻላል።

ሠንጠረዥ ሠሪ

እባክዎ ሪስቶር የሚለውን አይሞክሩት፤ ባክአፑን በዋናው ላይ ከጫኑት የዚህን ወር ሽያጭ በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ። መረጃዎ አልጠፋም። መልሱ ራስዎ በጻፉት ውስጥ አለ፤ ከ15 እስከ 10 ሲሆን ባዶ፣ ከ10 እስከ 15 ሲሆን ደግሞ የማይገባውን ሁሉ የሚያመጣ ከሆነ፣ ቀኑ የተቀመጠው እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። ያመጣልዎትን ከ2,000 በላይ ረድፍ መልሰው ይመልከቱት፤ ግምቴ ካልሳተ፣ ወሩና ዓመቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሁሉም የተሸጡት ወር በገባ ከ10ኛው እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያወዳድረው፣ ስሞችን በፊደል ተራ እንደሚደረድር ጸሐፊ፣ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እያየ ነው። «15/12/2016» እና «10/02/2017» ሲቀርቡለት፣ የመጀመሪያዎቹ 1 እና 1 እኩል ስለሆኑ ያልፋቸዋል፤ ቀጥሎ 5 እና 0ን ሲያገኝ እዚያው ይፈርዳል፤ ዓመቱ ጋ ለመድረስ ምክንያት የለውም። ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ከጥቅምት 10 ቀን 2017 በኋላ የሚመጣ ነው። በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን የሚፈልገው «ቢትዊን» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ መነሻው ከመድረሻው ቢበልጥ ቅሬታ አያሰማም፤ ከ15 በላይ ሆኖ ከ10 በታች የሚሆን ነገር ስለማይገኝ ዜሮ ረድፍ ይመልሳል። ስህተት አለ ያላለዎትም ለዚህ ነው፤ ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ባዶ ነበር።

ባለሙያውን ለመውቀስ ግን አልቸኩልም። የዳታቤዙ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አይቀበልም፤ ሁለተኛው ወርም 30 ቀን አለው ቢሉት አያምንም። ጥቅምት 30ን «30/02» ብለው ሊያስገቡ ቢሞክሩ ይመልስብዎታል፤ ጳጉሜንንማ ከነጭራሹ አያስጠጋም። እዚህ አገር የሚሠራ ፕሮግራመር ይህ ሲገጥመው ቀኑን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይቀለዋል፤ ዕዳው ግን እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚከፍለው ነው። አንድ ሰው መጥቶ «አምዱን ወደ ቀን ዓይነት ቀይሩት» ቢልዎትም እንዳይቀበሉት። ስህተት ሳይል የሚቀይረውን «ትራይ ኮንቨርት» የሚባለውን ከተጠቀሙ፣ ጥቅምት 30ና ጳጉሜን በሙሉ ባዶ ሆነው ይቀራሉ፤ የቀሩት ደግሞ ነሐሴ የነበረው ዲሴምበር ተብሎ፣ በዚያውም ላይ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀመጣል።

ለኦዲተሩ የሚሆነው አጭሩ መንገድ ይህ ነው። በኩዌሪው ውስጥ የቀኑን ጽሑፍ ቆራርጠው ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ በቀኝ ያሉትን አራት አኃዞች መጀመሪያ፣ የመካከሎቹን ሁለት ቀጥሎ፣ የግራዎቹን ሁለት መጨረሻ አድርገው ያያይዟቸው። ነሐሴ 15 ቀን 2016 «20161215»፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ደግሞ «20170210» ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ጽሑፍ ሆኖም በትክክል ይወዳደራል፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 እንኳ «20161303» ሆኖ በሁለቱ መካከል ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በፊት ግን ርዝመታቸው ከአሥር ፊደል ያነሰ ቀኖችን ይቁጠሩ። አንድ ሰው «05/02/2017» በማለት ፈንታ «5/2/2017» ብሎ ጽፎ ከሆነ ቆረጣው ይዛባል፤ ያ ረድፍም እንደገና ከፍለጋው ይጠፋል።

ለዘለቄታው የጎርጎርዮስ ቀን የሚይዝ አዲስ አምድ ቢጨመር፣ ፕሮግራሙም ሲመዘግብ የኢትዮጵያውን ቀን አስልቶ እዚያ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ የኢትዮጵያው ለማሳያ ብቻ ይቀራል። የኦዲተሩ ጊዜ በዚያ አቆጣጠር ከኦገስት 21 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ነው። አዲሱ አምድ ሰዓትንም የሚይዝ ከሆነ፣ መድረሻውን «ኦክቶበር 20» ብለው ሲጽፉት ዳታቤዙ የሚረዳው የዚያን ዕለት መጀመሪያ፣ ማለትም እኩለ ሌሊትን ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሽያጭ በሙሉ ከፍለጋው ይጠፋል። «ከኦክቶበር 21 የሚያንስ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የለገጣፎዋ

ስለ ቀኑ የተባለው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ስሙ ልናገር። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ላይ ምንም ያልመጣልዎት፣ ከመክፈቻው ትእምርተ ጥቅስ በፊት «ኤን» የምትባለውን የላቲን ፊደል ስላላስቀደሙ ይመስለኛል። ያቺ ፊደል ከሌለች ሰርቨሩ ጽሑፉን የሚያነብበው በዳታቤዙ የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ ነው፤ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ እያንዳንዱን ሆሄ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። እርስዎ «የውሃ ቱቦ» ብለው ሲጽፉ እርሱ የፈለገው «??? ??» የሚባል ዕቃ ነበር። ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ያለ ሠንጠረዥ ያንኑ ጽሑፍ ብቻ በ«ሰሌክት» እንዲያሳይዎት ይዘዙት፤ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት በዓይንዎ ያያሉ። ይህ ሲፈልጉ የሚደርስ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በዚያው መንገድ ስም ሊያስገቡ ወይም ሊያርሙ ከሞከሩ ግን የሚቀመጠው የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን ስም መመለስ አይቻልም።

አንዳንዶች «ኤን» የምትለውን ጨምረው ሲሞክሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኖ ሁሉም ዕቃ ይመጣባቸዋል። እኔ በምሠራበት ቦታ የአንድ ደንበኛ ስም ስንፈልግ በአማርኛ የተጻፉት ደንበኞች በሙሉ ይደረደሩልን ነበር። ምክንያቱ ኮሌሽን የሚባለው የፊደል አደራደር ደንብ የቆየ መሆኑ ነው፤ የቆዩት ደንቦች ለግዕዝ ፊደላት ክብደት ስለማይሰጧቸው አንዱን ስም ከሌላው አይለዩም። «ላቲን1 ጄኔራል 100» ተብለው የሚጀምሩት፣ ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ጀምሮ የመጡት ደንቦች ግን ይለያሉ። የእርስዎ ሶፍትዌር ሲሶውንም ቢሆን ለይቶ ማምጣቱ ኮሌሽኑ ደኅና መሆኑን ያሳያል፤ ስለዚህ እርሱን አይንኩት።

ወደ ሲሶው እንመለስ። ሽያጭ የሚመዘግቡት ስንት ሰዎች ናቸው? አንዱ «የውሃ»፣ ሌላው «የውኃ»፣ ሦስተኛው «የዉሃ» ብሎ ይጽፋል፤ «የውሀ» የሚልም አይጠፋም። ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለዳታቤዙ ግን ሃ እና ኃ፣ ው እና ዉ ልክ እንደ በ እና ተ የማይገናኙ ሆሄያት ናቸው። ዕቃ እና እቃ፣ ሠራተኛ እና ሰራተኛም እንደዚሁ ይለያያሉ። በሁለቱ ቃላት መካከል አንዱ ክፍት ቦታ ሌላው ሁለት ነጥብ አድርጎ ከሆነ ደግሞ ሌላ መልክ ይጨመራል። በዕቃው ስም ቡድን አድርገው እያንዳንዱ መልክ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ያስቆጥሩት፤ የጎደለው ሁለት ሦስተኛ እዚያ ተኝቷል።

መፍትሔው በስም መፈለግን መተው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ኮድ ካለው ፍለጋው በኮዱ ይሁን። የግድ በስም ከሆነ፣ ሞክሼ ሆሄያት ሁሉ ወደ አንድ መልክ ተቀይረው የሚቀመጡበት ሌላ አምድ ይዘጋጅ፤ ተጠቃሚው የሚጽፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ደንብ ይቀየር። በዋናው ስም ላይ ግን እርማት አይደረግ፤ ደረሰኝ ላይ የወጣው እርሱ ነውና። ሠራተኞቹን ሰብስቦ «አስተካክላችሁ ጻፉ» ማለት በእኔ እይታ የአንድ ሳምንት መፍትሔ ነው፤ በውኃ አጻጻፍ ላይ የተማሩትም ቢሆኑ ገና አልተስማሙም።

ባለ ቢን ካርድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ከ2,000 በላይ የሆኑት ረድፎች በእርግጥም ሁሉም ከወሩ ከ10 እስከ 15 ያሉት ናቸው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ እያለ አላስተዋልኩትም። ቀኑን ገልብጬ ስፈልግ የነሐሴ፣ የጳጉሜን፣ የመስከረምና የጥቅምት ሽያጭ በተራቸው መጡ። ከአሥር ፊደል ያነሱ ቀኖች 14 ተገኙ፤ ሁሉም የተመዘገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ያ ሳምንት መዝጋቢያችን በወሊድ ፈቃድ ላይ ሆና ሌላ ሰው የተካበት እንደነበር ከፈረቃ መዝገቡ አረጋግጫለሁ። የውሃ ቱቦውም በአምስት መልክ ተጽፏል፤ ከሁሉ የበዛው እኔ ፈጽሞ የማልጽፈው «የዉሃ» ነው። የዕቃ ኮዱ ግን በአምስቱም አንድ ስለሆነ በኮዱ ፈልጌ ዝርዝሩን ለኦዲተሩ አዘጋጅቻለሁ።

አሁን ሌላ ጥርጣሬ ገብቶኛል። ሶፍትዌሩ ውስጥ «አንድም ጊዜ ያልተሸጡ ዕቃዎች» የሚል ሪፖርት አለ። ከዓመታት ወዲህ በከፈትነው ቁጥር ባዶ ነው፤ ሥራ አስኪያጃችንም በየስብሰባው «የተኛ ዕቃ የለንም» እያሉ ደስ ይላቸዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ባዶ ገጽ ማመን አቅቶኛል። ኩዌሪውን አይቼዋለሁ፤ ኮዳቸው በሽያጭ ዝርዝር ሠንጠረዡ ውስጥ ከሌሉት ዕቃዎች በቀር ሌላ አይጠይቅም። «ኖት ኢን» በሚለው ትእዛዝ ነው የተጻፈው። ከቀንም ከስምም ጋር የተያያዘ ነገር የለውም።

ሠንጠረዥ ሠሪ

በሽያጭ ዝርዝሩ ውስጥ የዕቃ ኮዳቸው ምንም ያልተጻፈባቸው፣ «ነል» የሆኑ ረድፎች አሉ? አንድ እንኳ ካለ ሪፖርቱ እስከ ዓለም ፍጻሜ ባዶ ነው።

«ነል» ለዳታቤዙ ዜሮ ወይም ባዶ ጽሑፍ ማለት አይደለም፤ «ምን እንደሆነ አይታወቅም» ማለት ነው። ኩዌሪው አንድን ዕቃ አንሥቶ «ይህ ኮድ ከተሸጡት ሁሉ የተለየ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከታወቁት ጋር አወዳድሮ «አዎ፣ የተለየ ነው» እያለ ይሄዳል፤ ነሉ ጋ ሲደርስ ግን ያልታወቀው ኮድ ያው ራሱ ሊሆን ስለሚችል «አላውቅም» ይላል። ዳታቤዝ ረድፍ የሚያሳየው መልሱ እርግጠኛ አዎ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ በዚያ በአንዱ ረድፍ ምክንያት ይወድቃል። «ኖት ኢን» የሚለውን፣ የሚገጥም ረድፍ መኖር አለመኖሩን ብቻ በሚያየው በ«ኖት ኤግዚስትስ» ይተኩት፤ ካልሆነም በውስጠኛው ኩዌሪ ላይ ኮዱ ነል ያልሆነ የሚል ቅድመ ሁኔታ ይጨምሩበት።

ነል ረድፎች ከተገኙ ለኦዲተሩ ያዘጋጁትንም ዝርዝር አንድ ጊዜ ይፈትሹት። የሽያጭ ዝርዝሩን ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ጋር ያገናኙት በሁለቱም ሠንጠረዦች የሚገጥሙትን ረድፎች ብቻ በሚያመጣው በ«ኢነር ጆይን» ከሆነ፣ ኮድ የሌላቸው ረድፎች እዚያም ሳይናገሩ ይወድቃሉ፤ የደረሰኙ ጠቅላላ ድምርና የዝርዝሩ ድምር አይገጥምም። የሽያጭ ዝርዝሩን አስቀድመው፣ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ረድፎች ሁሉ በሚያስቀረው በ«ሌፍት ጆይን» ካደረጉት ይመለሳሉ።

ባለ ቢን ካርድ (ጠያቂ)

ነል ረድፎች አሉ፤ 912 ናቸው። ከ2014 ጀምሮ የማጓጓዣ ክፍያን በደረሰኙ ላይ እንደ አንድ መሥመር መመዝገብ ጀምረን ነበር፤ ማጓጓዣ ደግሞ ዕቃ ስላልሆነ ኮድ አልተሰጠውም። ለኦዲተሩ ያዘጋጀሁት የቱቦ ሽያጭ ብቻ ስለሆነ ድምሩ አልተነካም፤ ሆኖም ሁሉንም መሥመር የያዘውን አባሪ በ«ሌፍት ጆይን» እንደገና አውጥቼዋለሁ፤ ከደረሰኞቹም ጋር ገጥሟል።

ኩዌሪውን እንደነገሩኝ በ«ኖት ኤግዚስትስ» ብተካው 43 ዕቃዎች መጡ። ዝርዝሩን ይዤ ወደ መጋዘኑ የኋላ ክፍል ሄጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በ2013 የገቡ ባለ 4 ኢንች የብረት ኤልቦዎች (የቱቦ ማጠፊያዎች) ናቸው፤ ካርቶኖቻቸው ከነእሽጋቸው አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርዳቸውም ላይ ከገቢው መጠንና ከተረካቢው ፊርማ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ካርዱን ፎቶ አንሥቼ ለሥራ አስኪያጁ ልኬላቸዋለሁ።